የጋሽ ሀጎስ ፒካፕ

ኅዳር 5 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ መርሳ

የመኪና ጌታ ሆኛለሁ። ግመሎቼን ከሸጥኩ ጀምሮ የመርሳ ሰው «አብዱልሐሊም አበደ» ሲል ሰንብቷል፤ ይበል። ዛሬ ከወልድያው ነጋዴ ከጋሽ ሀጎስ አረንጓዴዋን ፒካፕ ተረክቤ፣ ጡሩምባ እየነፋሁ መርሳ ገባሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። የገባሁት ግን እየተገፋሁ ነው።

ከወልድያ ስወጣ እንደ ሙሽራ በቅሎ ትሰግር ነበር። ሲሪንቃን እንዳለፍኩ ሞተሩ ሁለቴ ስሎ ዝም አለ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ካንዴላ ነቅዬ ሞከርኩ፣ እሳት ይረጫል። ውሃ አላት፣ ዘይት አላት። ተሳድቤ ሲደክመኝ ቁልፉን ባዞረው ምንም እንዳልነካት ተነሳች። ደስታዬን ሳልጨርስ መርሳ መግቢያ ላይ ደገመችኝ። ከማሳ የሚመለሱ ሰዎች ገፍተው በሬ ድረስ አደረሱኝ። ረሂማ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ይቺ ናት ግመሎቻችንን የበላችው?» አለችኝ ባለቤቴ።

በሰው መኪና ስሾፍር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የራሴ መኪና እንዲህ ታዋርደኝ?

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጋሽ ሀጎስ ዋጋ አልተከራከሩኝም። ነጋዴ ሳይከራከር ሲሸጥ መጠርጠር ነበረብኝ። ባለቤታቸው እትዬ ኣባዲትም ቁልፉን የሰጡኝ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ነው፣ ልክ እንደ ጋለ ብረት።

ኅዳር 9

ኢስሐቅ ካርቡሬተሩን ፈታው። መርሳ ውስጥ ያለን መካኒክ እሱ ብቻ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። ቆሻሻ አገኘ፤ «ይሄ ነው በሽታዋ፣ ወላሂ ከእንግዲህ አታስቸግርህም» አለኝ። አመንኩት። ብርቱካን ጭኜ ወደ ሐራ ገበያ ወጣሁ።

ሐራ ሳልደርስ ቆመች። ሸራው ሥር ብርቱካኑ ሲፈላ ይሸተኛል። ቆይታ ተነሳች፣ እንደገና ቆመች። የደረስኩት ገበያው ሲበተን ነው። ግማሹን ለከብት ሰጠሁት።

ኅዳር 13፣ የዓረፋ ማግስት

ከወልድያ ስመለስ መርሳ ድልድይ አጠገብ ጠፋችብኝ። የትም ብትጠፋ ምን ነበር? ሦስት ሬሳ መንገድ ዳር ተጋድሟል፣ ደረታቸው ላይ «አናርኪስት ነበርኩ» የሚል ካርቶን። አንደኛው ጫማ የለውም። አንደኛው ፊቱ የለም። እኔ ኮፈን ከፍቼ ጎንበስ ብያለሁ። ከካንዴላ ሌላ ምን ልይ? ዝንቡ ከእነሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እነሱ ይመላለሳል። መንገደኛው ሁሉ አንገቱን ወደ ተራራው አዙሮ ያልፋል።

አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«ምን ቆመህ ታያለህ?»

«ሬሳውን አይደለም ጓድ፣ መኪናዋ እምቢ ብላኝ ነው።»

«ግፋት!»

«ብቻዬን እንዴት አድርጌ...»

በሰደፉ ትከሻዬ ላይ አወረደው። ተደፋሁ። ከጫማ አልባው እግር ጋር ፊት ለፊት ተያየን። ተነሥቼ ብቻዬን ገፋኋት። ሰው ሲፈራ ምን ያህል ጉልበት አለው!

ያ አጭበርባሪ ሽማግሌ። ይህ ሁሉ የደረሰብኝ በሱ ነው።

ታኅሣሥ 2

ለካንዴላው እሳት የሚልከው ቦቢና ተቀየረ። ያው ናት።

ታኅሣሥ 4

የቤንዚን ፖምፓው ተቀየረ። ያው። ከሰዓት ቀበሌው ግቢ ተኩስ ነበር። ረሂማ ልጆቹን አልጋ ሥር አስገባቻቸው።

ታኅሣሥ 7

ኢስሐቅን መታሁት። ዛሬም «አሁን ገባኝ፣ የሚሞቃት ነገር አለ» ሲለኝ የያዝኩትን የብሎን መፍቻ ወረወርኩበት። ግንባሩ ተከፈተ። ደሙን በዘይት ጨርቅ ጠርጎ፣ «አብዱ፣ አንተም እንደነሱ ሆንክ?» አለኝ። እንደ ማን እንደሆንኩ አልጠየቅኩትም። ወደ ክሊኒክ ወሰድኩት። የእማማ ከድጃ ልጅ፣ ድሬሰሩ አብዱሰመድ ሰፋለት። አብዱሰመድ ሲሰፋ ይቀልዳል፤ «በዚህ ሰሞን በመፍቻ የተመታ ሰው ብርቅ ነው፣ እናመሰግናለን» አለን። ኢስሐቅም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አገሩ ሁሉ ይማታል። እኔ ግን መኪና ነው ያናደደኝ።

ታኅሣሥ 11

ወልድያ ሄድኩ። ጋሽ ሀጎስን ሱቃቸው ውስጥ ኮሌታቸውን ያዝኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፤ አባቴም በሕይወት ሳሉ ጨውና ጥጥ ከእሳቸው ነበር የሚገዙት። «የሞተች መኪና ሸጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ኣባዲት በመሀላችን ገቡ። እኔ የሚያስፈራ ድምፅ አወጣለሁ፣ እሳቸው የሚፈሩት ግን እኔን አልመሰለኝም፤ በሩን ነው የሚያዩት።

ጋሽ ሀጎስ እጄን ቀስ ብለው ከአንገታቸው አወረዱ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ገንዘብህን ከፈለግህ እመልስልሃለሁ። መኪናዋን ግን እንዳለች ተዋት።»

«እንዳለች? እየቆመችብኝ?»

«በዚህ ዘመን መሄዷ ሳይሆን መቆሟ ይጠቅምሃል። አትመርምራት።»

ገንዘቡን አልፈለግሁም። መኪና ነው የምፈልገው፣ የምትሄድ መኪና። ጥያት እንድመጣ፣ ለሌላ አትርፈው እንዲሸጧት? «እኔ እመረምራታለሁ!» ብዬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 18

አገኘሁት! አልሐምዱሊላህ! ይህን ሌሊቱን ሙሉም ቢሆን በሰፊው እጽፈዋለሁ።

ዛሬ ሆን ብዬ ባዶዋን ወደ ውርጌሳ ነዳኋት። እንደ ልማዷ ዳገቱ ላይ ስላ ጠፋች። አልተሳደብኩም። ካንዴላም አልነቀልኩም። ከታንኩ የሚመጣውን የቤንዚን ቱቦ ወዲያው ፈታሁት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም! ታንኩ ግን ግማሽ ድረስ አለው። ቱቦውን አፌ ውስጥ ከትቼ ወደ ኋላ ነፋሁ። ታንኩ ውስጥ ጉል-ጉል አለና ቤንዚኑ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ቤንዚን እየተፋሁ መሳቅ ጀመርኩ። ለካ ስትሄድ አንድ ነገር እየተሳበ የታንኩን አፍ ይደፍናል፣ ስትቆም ይለቃል። ለዚህ ነው ቆይታ የምትነሳው።

ቤት ደርሼ ታንኩን አራገፍኩ። በተቆለመመ ሽቦ ሳስስ ቆይቼ ያዝኩት። ጨርቅ ነው። ሰማያዊ ጨርቅ፣ እንዳይንሳፈፍ አንድ ጫፉ ላይ ጠጠር የተቋጠረበት፣ በክር የታሰረ። ይህ በራሱ የገባ አይደለም። እጅ ነው ያስገባው። አጭበርባሪው ሽማግሌ የራሱን መኪና ሆን ብሎ አበላሽቶ ሸጠልኝ! ለምን? ይህ ብቻ አልገባኝም።

ወደ ሲሪንቃ ደርሼ ተመለስኩ። አንዴም አልሳለችም። ድምፅዋ እንደ ሐር ነው።

ታኅሣሥ 19

ጨርቁን ይዤ ሻይ ቤት ገባሁ። ዘፈንኩ ማለት ይቀላል። «መካኒክ ያቃተውን እኔ!» አልኩ። ጠጠሩን ከነቋጠሮው ለሁሉም አሳየሁ። የጋሽ ሀጎስንም ስም ጠራሁ፤ ለምን አልጠራ፣ የበደለኝ እሱ።

ጥግ ላይ ካሳሁን ተቀምጦ ነበር። የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ። ድሮ የአውቶቡስ ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ ያን ጊዜም ሰው መገፍተር ይወድ ነበር።

«እስቲ አምጣው» አለኝ።

ሰጠሁት። አገላብጦ አየው።

«የወልድያ ጓዶች ይቺን መኪና ለአብዮታዊ ሥራ ወስደዋት ነበር» አለ። «መንገድ ላይ እየቆመች እስረኛ ሁሉ አመለጣቸው። በመጨረሻ ጥለዋት ሄዱ። ለካ እንዲህ ነው።» ጨርቁን ኪሱ ከተተና የሻዬን ሂሳብ ከፈለልኝ።

ሰዉ ሂሳቡን እየከፈለ ሹልክ ሹልክ አለ። ለካ ጋሽ ሀጎስ ገንዘቤን አልነበረም የሰረቁት።

ታኅሣሥ 21

ጋሽ ሀጎስን ከወልድያ አስመጧቸው። በገበያው መሀል፣ እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ፣ ያንን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውላቸው። «አሻጥረኛ!» እያሉ ሕዝቡን ያስጮሁ ነበር። ካሳሁን ገና ቀበሌው ሳይደርሱ በቡጢ አፋቸውን መታቸው። ጥርስ ሲተፉ አየሁ።

እኔ ስለ ጨርቅ ብቻ ነው የተናገርኩት። ስለ ጨርቅ ብቻ።

ታኅሣሥ 24

ካሳሁን ዘንድ ሄድኩ። «ተሳስቻለሁ፣ ጨርቁ በራሱ የገባ ሊሆን ይችላል» አልኩት። «ጠጠሩንም ራሱ ቋጥሮ?» ብሎ ሳቀ። «ሽማግሌ ነው፣ ልቀቀው፣ በአላህ» ስለው በጥፊ አላጋኝ። ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል። ስወጣ ጠራኝና፣ «በነገራችን ላይ፣ ከነገ ጀምሮ መኪናዋ ለአብዮቱ ትፈለጋለች። ነጂዋም አንተ ነህ። ነዳጁን እኛ እንችላለን» አለኝ።

ታኅሣሥ 27

ሰዎችን ወደ ደሴ አዛውሩ ተባልን። ጠራራ ፀሐይ ነው። ካሳሁን ሰው እንዲያይ ይፈልጋል።

ደሴ አልደረስንም።

ውርጌሳን አልፈን ገደሉ አፋፍ ላይ አቁም አሉኝ። «ሞተሩን እንዳታጠፋ። ነዳጅ እርገጥ፣ ትጩህ።» ረገጥኩ። ጮኸች። በጩኸቷ መሀል ተኩሱን ቆጠርኩት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። መኪናዋ አንዴም አልሳለችም። እየለመንኳት ነበር። መኪና ይለመናል? ለመንኳት።

ስመለስ ወንዝ ወርጄ ኋላዋን አጠብኩ። የሳንቃው ስንጥቅ ውስጥ የገባው አይወጣም። ረሂማ መጥታ ውሃውን አየችው። ባልዲውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ማጠብ ጀመረች፣ ከዚያ ጥላው ሄዳ አስመለሳት።

ጥር 3

ሁለት ጊዜ። ውርጌሳ። መኪናዋ ደህና ናት።

ጥር 6

እትዬ ኣባዲት በየቀኑ ከወልድያ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ። ዛሬ ሲመለሱ አውቶቡስ አጥተው መንገድ ዳር ቆመው አየኋቸው። አቆምኩ። ከጎኔ ወጡ። ሲሪንቃ እስክንደርስ ሳሕኑን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀመጡ።

«ስንቁን ይቀበሉልዎታል?» አልኳቸው።

«ሳሕኑ ባዶውን ይመለሳል። ማን እንደሚበላው አላውቅም።»

አላወቁም ማለት ነው፣ ሻይ ቤት ውስጥ ማን እንደተናገረ። ቢያውቁ መኪናዬ ላይ ይወጣሉ?

ጥር 9

አብዱሰመድን ያዙት። ድሬሰሩን። «ለአናርኪስት መድኃኒት ሰጥቷል» ነው ክሱ። ክሊኒኩ ውስጥ፣ ሕመምተኛ ፊት፣ በሰደፍ እየመቱ አወጡት። እናቱ እማማ ከድጃ ቀበሌው በር ላይ ተንበርክከው ዋሉ። ጠባቂው ውሃ ደፋባቸው። ፀሐዩ ሲያደርቃቸው ደግሞ ደፋባቸው። እኔ በመኪና ውስጥ ተቀምጬ ትእዛዝ እጠብቅ ነበር። አዩኝ። ያ ግንባር የሰፋልኝ ልጅ ነው የሳቸው ልጅ፤ ማለቴ የኢስሐቅን ግንባር።

ጥር 15

ነገ ጋሽ ሀጎስና አብዱሰመድ። «ደሴ።» ካሳሁን ራሱ ነገረኝ፣ እየሳቀ።

ከቦቢናው የሚወጣውን ሽቦ አላልቼዋለሁ። አትነሳም። ኢንሻአላህ አትነሳም።

ጥር 20

ቀኝ እጄ ተሰብሯል፣ በግራዬ ነው የምጽፈው። እግሬም ተሰብሯል። ወጌሻው አስሮ አስተኝቶኛል። ቀስ ብዬ የሆነውን ልጻፍ።

ጥር 16 መኪናዋ አልተነሳችም። ካሳሁን ኢስሐቅን አስጠራው። ኢስሐቅ ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ግንባሩ ላይ ጠባሳው አለ። ሽቦውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። «መንገዱ አንቀጥቅጦት ላልቷል» አለ ለካሳሁን። ተነሳች።

እስረኞቹን አወጧቸው። የጋሽ ሀጎስ ፊት አብጦ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሲራመዱ እግራቸው መሬት አይነካም፣ የውስጥ እግራቸውን ገልብጠው ገርፈዋቸዋል። አብዱሰመድ በትከሻው ደግፏቸዋል። እጃቸው ወደ ፊት በገመድ ታስሯል። በአጠገቤ ሲያልፉ ጋሽ ሀጎስ ቆም አሉ። ሞተሩን አዳመጡ።

«ድምፅዋ አማረ» አሉኝ።

ሁለት ጠባቂዎች ከነሱ ጋር ከኋላ ወጡ። ካሳሁን ከጎኔ፣ ሽጉጡን ጭኑ ላይ አድርጎ።

መንገዱ ላይ እየዘፈነ ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ጉልበቴን መታ አደረገኝ። «መኪና እንዲህ ነው! እውነቱን ልንገርህ አብዱልሐሊም፣ አንተ ባታስተካክላት ኖሮ ይህን ሁሉ ሥራ በምን እንሠራው ነበር? ለሽልማት ስምህን ልጽፍ ነው።»

ከኋላ የጋሽ ሀጎስ ሳል ይሰማኛል።

ውርጌሳ ከመድረሳችን በፊት ያለው ጥምዝ ላይ፣ ግራው ገደል፣ መሪው አልታዘዘኝም። ፍሬን ረገጥኩ፣ አልያዘም። እንዲህ ነው የሆነው።

ሁለቴ ተገለበጥን መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሰማዩ በእግሬ በኩል ነው። ካሳሁን ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ መኪናዋ ሥር ነው። ይተነፍስ ነበር። አፉን ከፍቶ ደም ያፈላል፣ እጁ ሽጉጡን በአፈሩ ውስጥ ይዳብሳል። ሽጉጡ ለእኔ ይቀርብ ነበር። ገፍቼ ወደ ገደሉ ጣልኩት። እያየኝ ቆየ። ከዚያ መዳበሱን ተወ።

አንደኛው ጠባቂ ራሱን ስቶ ወድቋል። ሌላው ጎኑን ይዞ ይጮሃል። ጋሽ ሀጎስ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቆመዋል። በዚያ እግራቸው ቆመዋል። ወደ ቁልቁለቱ፣ ወደ ቆላው በኩል፣ በታሰረ እጃቸው ቁጥቋጦ እየያዙ ወረዱ። ጠባቂው ጠመንጃውን አንስቶ ተኮሰ። ደግሞ ተኮሰ። ቁጥቋጦው ሲወዛወዝ ይታየኛል፣ እየራቀ፣ እየራቀ።

አብዱሰመድ አልተነሳም። ሳንቃው ደረቱ ላይ ነበር። «አብዱሰመድ!» ብዬ ተጣራሁ። አንድ ጊዜ «አቤት» አለኝ፣ እንደ ክሊኒኩ፣ በጨዋ ደንብ። ሌላ አልደገመም።

ጥር 27

ከወልድያ መርማሪ መጣ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አፈጠጠብኝ።

«ሆን ብለህ ነው?»

«እኔም እኮ ውስጧ ነበርኩ ጓድ።»

«ትላንትና ደህና የነበረች መኪና ዛሬ ፍሬን እንዴት ይጠፋታል?»

ኢስሐቅን ጠሩት። ኢስሐቅ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ «ጌታዬ፣ ይቺ መኪና ደህና ሆና አታውቅም። ከገዛት ጀምሮ መርሳ በሙሉ ገፍቷታል። በሷ ጉዳይ እኔን ሳይቀር ፈንክቶኛል፣ ይኸው» ብሎ ግንባሩን አሳየው። «ፍሬኗን ቀይር ብዬው ነበር፣ ዕቃ ጠፋ።» ፍሬኗን ቀይር ብሎኝ አያውቅም።

ሻይ ቤቱም፣ ሐራ ድረስ ያሉ ነጋዴዎችም መሰከሩ። ያቺ መኪና ገና ከመጣች በሽተኛ ናት አሉ። መርማሪው የሰው ሁሉ አፍ አንድ ሲሆንበት ወረቀቱን አጥፎ ተነሳ። «አደጋ» ብሎ ጻፈ።

ከሄዱ በኋላ ኢስሐቅን አመሰግናለሁ ብል፣ «ዝም በል አብዱ፣ አንዴ ዝም ማለትን ልመድ» አለኝ።

የካቲት 6

እትዬ ኣባዲት መጡ። ረሂማ መቀመጫ ሰጠቻቸው፣ አልተቀመጡም። ቆመው ቁልቁል አዩኝ።

«ሐራ በኩል ግመል ነጂዎች አግኝተውታል። በሕይወት አለ። ከዚያ ወዲያ የት እንደወሰዱት አልነግርህም።»

«አይንገሩኝ» አልኳቸው። «ለማንም አይንገሩ።»

«ለአንተ ነው የማልነግርህ።»

ለካ ያውቃሉ። ያን ቀን መኪናዬ ላይ ሲወጡም፣ ሳሕኑን አቅፈው ሲቀመጡም ያውቁ ነበር።

«ከታንኩ ያወጣኸው ጨርቅ ሰማያዊ ነበር አይደል?» አሉኝ። «የእኔ ቀሚስ ነው። እኔ ነኝ የቀደድኩት፣ ጠጠሩንም እኔ ነኝ የቋጠርኩት። ሀጎስ ፈርቶ ነበር፤ 'እናድርገው' ያልኩት እኔ ነኝ። ሲገርፉት ግን አንድ ቀን ስሜን አልጠራም።»

«እትዬ ኣባዲት፣ እኔ...»

«ተወው። የነገርክበትም አንተ፣ የገለበጥካትም አንተ። የቱን ይዤ እንደምሄድ አላውቅም።» ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። የወልድያውን ቤት ዘግተው ወደ ቆቦ ሊሄዱ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሆነ ማንም አያውቅም።

«ማን ነው መኪናዋን የገለበጣት ያሉት?» አለችኝ ረሂማ።

«መሪው ነው» አልኳት።

የካቲት 9

እንቅልፍ የለም። «አቤት» አለኝ። ለምን ጠራሁት? ባልጠራው ኖሮ ድምፁን አልሰማውም ነበር። ጥምዙን ሳየው ከኋላ ማን እንዳለ አውቅ ነበር። ሁለት ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። መሪው ነው። መሪው ነው።

የካቲት 14፣ የመውሊድ ማግስት

ዛሬ እማማ ከድጃ መጡ። በከዘራቸው ደጁን ሲመቱ ድምፁን ለየሁት፣ ደብቁኝ ልል ምንም አልቀረኝ። ረሂማ አስገባቻቸው። ከመውሊዱ የተረፈ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ይዘውልኝ መጥተዋል።

«እንዴት አደርክ ልጄ፣ አጥንትህ ገጠመ?»

«አልሐምዱሊላህ እማማ። እንዴት ሰነበቱ?»

አልጋዬ ሥር አጎዛው ላይ ተቀመጡ። ሊከሱኝ ነው የመጡት ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲከሱኝም ፈለግሁ። ዳቦውን ፈትተው ቆረሱና እንደ ሕፃን በእጃቸው አጎረሱኝ።

«ልነግርህ የመጣሁት አለ» አሉ። «ካሳሁን የወሰዳቸውን ልጆች እናቶች ታውቃቸዋለህ። ሁሉም ጎረቤቶቼ ናቸው። አንዳቸውም ልጃቸው የት እንደተጣለ አያውቁም። አልቅሱ የሚላቸው የለም፤ ማልቀስም ተከልክለዋል። ጅብ ይብላው አሞራ ይብላው አያውቁም።»

ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«የእኔን ግን 'በመኪና አደጋ ሞተ' ብለው ሬሳውን ሰጡኝ። አጠብኩት አልልህም፣ ወንዶቹ አጠቡት፤ ፊቱን ግን አየሁት። ፊቱ ደህና ነበር። ከፈንኩት፣ ተሰገደበት፣ ከአባቱ ጎን ተቀበረ። ጁምዓ ጁምዓ እሄዳለሁ። በመርሳ ምድር የልጇን መቃብር የምታውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አላህ በአንተ መኪና ሰበብ አድርጎልኝ ነው።»

እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«አላህ እጅህን ይጠግነው። እግርህን ይጠግነው። ለልጆችህ ያቆይህ። የልጄን ሬሳ በእጄ እንዳስገባህልኝ፣ አላህ የልብህን ሐሳብ በእጅህ ያስገባልህ።»

አሚን በል ይላሉ፣ ዓይኔን እያዩ። አፌን ከፈትኩ። የወጣ ድምፅ የለም። እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየ፤ ዱዓ ሳይዘጋ ማውረድ አልፈለጉም።

ረሂማ ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ጥቂት አየችኝ።

«አሚን» አለችልኝ።